የአሥራ ሁለት ፍሬ ማሽላ ጥያቄ

አሰበች ቁጭ ብሎ ማሰብ አይሆንላትም። ስታስብ ትራመዳለች፤ መራመጃ ካጣች ደግሞ ቆማ እግሯን ትለዋውጣለች። ባሏ እንግዳው መተማ ዮሐንስ ባጃጅ ይጠግናል። ሲደውልላት በስልኩ ውስጥ ኮቴዋን ይሰማና «ዛሬ ደግሞ ምን ገባሽ?» ይላታል። ኮኪት ዙሪያ ያሉ ጎረቤቶቿ ይህን ጠባይዋን ለምደውታል። እንዲያውም ለእሷ ሲሉ የካርታ ጨዋታ ደንብ ቀይረዋል።

ስለ ካርታው ከማውራቴ በፊት ስለ ማሳዎቿ ልናገር፤ ያለ እነሱ ጨዋታው ትርጉም የለውም። አሰበች ሁለት ማሳ ታርሳለች። የላይኛው የራሷ ነው፤ ትንሽ ተዳፋት ስላለው ውሃ አይተኛበትም። የታችኛውን ግን ገለጉ ከሚኖሩ አንድ ሽማግሌ በእኩል ይዛዋለች። ዋልካ ነው፤ ጥቁር፣ ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት፣ ሲረጥብ ደግሞ ጫማን ከእግር የሚነጥቅ አፈር። ሁለት ክረምት ሙሉ ውሃ ተኝቶበት ሳይዘራ አለፈ። ሽማግሌው ዘንድሮ በስልክ ቁርጡን ነገሯት፦ «ልጄ፣ አሁንም ሰሊጥ ካልበቀለበት ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

ሰሊጥ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ መሬቱ ሁለት ጊዜ ታርሶ ልል እስኪሆን ይፈልጋል። ዝናብ ሲጀምር ቶሎ ካልተዘራ ሳይጠነክር ውሃ ይበላዋል፤ ቢተርፍም ፍሬ ሳይዝ ክረምቱ ይወጣል። ስለዚህ ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲገባ ቆላው ሁሉ ትራክተር ፍለጋ ይራወጣል። አሰበችና ሁለት ጎረቤቶቿ፣ ጋሽ ፈንቴና ምናለ፣ ሦስት ሆነው ከአንድ የጎንደር ሰው አንድ ትራክተር ተከራዩ። ለእያንዳንዳቸው ሃያ አራት ሰዓት ደረሳቸው። ከዚያ በኋላ ትራክተሩ ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል፤ ተጨማሪ ሰዓት በልመናም አይገኝም።

ችግሩ የአሰበች ሂሳብ አለመግጠሙ ነው። የላይኛው ማሳ አሥራ አራት ሰዓት ይፈጃል። የታችኛው አሥራ ስድስት። ሲደመር ሠላሳ። ያላት ሃያ አራት!

ጨዋታው የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ዝናብ ሲጥል ትራክተር ማሳ አይገባም፤ ከገባ ይሰምጣል። ስለዚህ በዝናብ ቀን ሁሉም በሙባረካ ራኩባ ሥር ይሰበሰባል። ራኩባ ማለት በእንጨት ምሰሶ ላይ ሣርና ላስቲክ የተጣለበት ዳስ ነው፤ ሙባረካ እዚያ ሻይና ከርከዴ ትሸጣለች። የትራክተሩ ኦፕሬተር አንዱዓለም ገንዳ ውሃ ከተማ ሥራ ሲጠብቅ በስልኩ ፖከር ተምሮ ኖሮ፣ ለሦስቱም አስተማራቸው። በመጀመሪያ በባዶ ተጫወቱ። ከዚያ ምናለ በቀልድ «አንድ ሰዓቴን አስይዣለሁ» አለ። ቀልዱ በነጋታው ቁም ነገር ሆነ፤ አንድ ፍሬ ማሽላ አንድ የትራክተር ሰዓት ሆኖ ቆመ። አንዱዓለም አዳይም ዳኛም ነው፤ የተበላ ሰዓት ተበላ፣ ማንም አያኮርፍም። ሙባረካ ብቻ አልተዋጠላትም።

«ቁማር ነው» ትላለች ከርከዴውን እያማሰለች።

«ተራ መያዝ ነው እንጂ!» ይላታል ምናለ።

«ተራ የሚይዝ ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም።»

እንዲህ ትበል እንጂ ከጨዋታው ላይ ዓይኗን አትነቅልም።

ፖከርን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ፤ ከሚመስለው በላይ ቀላል ነው፣ ደስም ይላል። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው የሚያያቸው ሁለት ካርታዎች ይሰጡታል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የሁሉም የሆኑ አምስት ካርታዎች ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት በአንዴ፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። ተጫዋቹ ከሁለቱና ከአምስቱ አቀናጅቶ ጥሩ አምስት ይሠራል። በየደረጃው ፍሬ ማስያዝ ይቻላል፤ ሌላው ሰው ያስያዘውን ያህል ፍሬ የማይጨምር ካርታውን ጥሎ ይወጣል። እኩል ካስገባ ደግሞ ጨዋታው ይቀጥላል። የመጨረሻው ካርታ ላይ ሲደረስ ግን የሚጠበቅ ነገር የለም። ያለው አለ፤ የሌለው የለም። አንዱዓለም ያቺ አምስተኛ ካርታ በእንግሊዝኛ «ወንዝ» እንደምትባል ሲነግራቸው ምናለ ወዲያው «ወንዝማ ከሆነች ጓንግ ናት!» አለ። ጓንግ በክረምት ሲሞላ ማዶ የተሻገረ ሰው እስኪጎድል አይመለስም። ከዚያ ወዲህ አምስተኛዋ ካርታ ጓንግ ተባለች። አምስት ተከታታይ ቁጥር ደግሞ፣ እየተከታተለ ስለሚሄድ፣ «ትልም» አሉት።

እንግዲህ ወደዚያ ከሰዓት በኋላ እንምጣ።

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ የላስቲኩን ጣሪያ ሲደበድብ ውሏል። ትራክተሩ ከኒም ዛፉ ሥር ቆሞ ከማረሻ ዲስኩ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ሁሉም በየደቂቃው ሰማይ ያያል። እንግዳው ሁለት ጊዜ ደውሎ «ገባ?» ብሎ ጠይቋል፤ ትራክተሩ ማሳ ገባ ወይ ማለቱ ነው። አሰበች ሁለቴም «ይገባል» ብላ ዘግታለች። ስለ ካርታው አልነገረችውም።

አሰበች በጠዋቱ ጨዋታ አምስት ሰዓት በምናለ ተበልታ አሥራ ዘጠኝ ቀርቷታል። አንዱዓለም ካርታ ሲያድል ንጉሥና ዘጠኝ ደረሳት። ሦስቱም ሁለት ሁለት ፍሬ አስገቡ። ጠረጴዛው ላይ ዘጠኝ፣ ስምንትና ሦስት ተገለጡ። አሰበች የዘጠኝ ጥንድ ሠራች፤ አንድ ፍሬ ጨመረች። ምናለ ካርታውን ወረወረ።

«እኔ ሻዬን ልጠጣ።»

ጋሽ ፈንቴ አንድ ፍሬ አስገቡ። አራተኛው ካርታ ንጉሥ ሆነ። አሁን አሰበች የንጉሥም የዘጠኝም ጥንድ አላት፤ በዚህ ጨዋታ ጥሩ የሚባል ነው። ሁለት ፍሬ አስያዘች። ጋሽ ፈንቴም ሁለት አስገቡ። መሐል ላይ አሥራ ሁለት ፍሬ ተከማቸ።

ጓንግ ወጣች። አሥር።

ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር ተከታታይ ሆኑ። አሰበች ወዲያው ገባት፤ ሰባትና ስድስት፣ ወይም ሰባትና ጃክ፣ ወይም ጃክና ንግሥት የያዘ ሰው ትልም ሠርቷል፤ ትልም ደግሞ ሁለት ጥንድን ይበላል። ጣቷን ጠረጴዛው ላይ መታ አድርጋ ምንም ሳታስይዝ አሳለፈች።

ጋሽ ፈንቴ ያላቸውን ፍሬ ሁሉ በመዳፋቸው ገፉት። አንዱዓለም ቆጠረው።

«አሥራ ሁለት።»

«ያለኝ ይኸው ነው» አሉ ጋሽ ፈንቴ። ሰውየው ስድሳ ያለፉ፣ በዚህ አካባቢ ሰሊጥ ካስለመዱት ገበሬዎች አንዱ ናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ አሰበች ዘንበል አሉ። «አሰቡ ልጄ፣ ጣይው። አሥራ አራት ሰዓት በእጅሽ አለ። የላይኛው ማሳሽ ይታረሳል። ዘንድሮን በእሱ እለፊ። ለአንቺ ብዬ ነው የምነግርሽ።»

«አይንገሯት እንጂ ጋሽ ፈንቴ!» አለ ምናለ። «ካርታ ነው ወይስ ሽምግልና?»

አሰበች ተነሣች።

የተቀየረው ደንብ እዚህ ላይ ነው የሚሠራው። በሌላ ቦታ ካርታ ይዞ ከጠረጴዛ መነሣት ነውር ነው። ለአሰበች ግን ይፈቀዳል፤ ካርታዎቿ ተደፍተው እንዳሉ የሻይ ብርጭቆ ይጫንባቸዋል፣ ሙባረካ ትጠብቃቸዋለች፣ አሰበች እስከ ትራክተሩ ሄዳ ትመለሳለች።

«ፈጠን በይ ብቻ» አለ አንዱዓለም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሂሳቡ ለአንቺ ነው ያደላው፣ እታለም። ሃያ አራት ለማግኘት አሥራ ሁለት ነው የምታስገቢው። ከሦስት አንዴ ብቻ ልክ ብትሆኚ አትከስሪም።»

«አዳይ አይመክርም!» ጮኹ ጋሽ ፈንቴ።

«አንቱ ሲመክሩ ዝም ብዬ የለ?»

አሰበች ላስቲክ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

አንዱዓለም ያለው ትክክል ነው፤ እንዲያውም በፖከር መጀመሪያ የሚማሩት ሂሳብ ይህ ነው። መሐል ያለው አሥራ ሁለት፣ ጋሽ ፈንቴ የጨመሩት አሥራ ሁለት፣ ሃያ አራት ለማግኘት አሥራ ሁለት መክፈል። እንዲህ ያለ ውርርድ ሦስት ጊዜ ቢገጥማትና ሁለቴ ተሸንፋ አንዴ ብታሸንፍ፣ የጠፋውና የተገኘው እኩል ነው። አሰበችም ጭቃው ውስጥ ስትራመድ መጀመሪያ ይህን ነበር የምትደጋግመው፦ ከሦስት አንዴ፣ ከሦስት አንዴ። ትራክተሩ ጋ ልትደርስ ስትል ግን ቆመች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስደንቀው። ሂሳቡ የተሠራው በፍሬ ነው። አሰበች ግን ፍሬ አትዘራም። በፍሬ ፋንታ በማሳ ቆጠረችው። ብትጥለው አሥራ አራት ሰዓት ይቀራታል፤ የላይኛው ማሳ በእጇ ነው፣ የታችኛው ሄደ። አስገብታ ብታሸንፍ ሠላሳ ስምንት ይሆንላታል፤ ሁለቱም ማሳ ይታረሳል። አስገብታ ብትሸነፍ ሁለት ሰዓት ይቀራታል፤ በሁለት ሰዓት ምንም አይታረስም፣ የላይኛውም ሄደ። ስለዚህ አንድ ማሳ ለማግኘት አንድ ማሳ እያስያዘች ነው። በፍሬ ከሦስት አንዴ ይበቃል የተባለው፣ በማሳ ሲቆጠር ከሁለት አንዴ ሆነ። በዚያ ላይ የላይኛው ማሳ በየዓመቱ ያበቅላል፤ የታችኛው ታርሶም ውሃ ሊተኛበት ይችላል። እርግጠኛውን ለማይታመነው ማስያዝ ነው። እንዲህ ሲታይ ከሦስት ሁለቴ ልክ ካልሆነች መጣል ነው ያለባት። ያው ጠረጴዛ፣ ያው ካርታ፣ መልሱ ግን ተገለበጠ!

እግሯን ከጭቃው ነቅላ ትራክተሩን ዞረች። ስልኳ ጠራ። እንግዳው ነው። አላነሣችውም።

ጋሽ ፈንቴ ትልም አላቸው ወይስ የላቸውም? ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ ተንጠልጥሏል። የሳቸው መሬት ቀይ ነው፤ ዝናብ ባቆመ በማግሥቱ ትራክተር ይችላል። በጠዋቱ ጨዋታ ሰባት ሰዓት ተበልተዋል፤ የቀራቸው አሥራ ሁለት ሰዓት የማሳቸውን ግማሽ ያህል ያርሳል። ነገ ጠዋት የሚያርስበትን ሰዓት በባዶ ካርታ የሚያስይዝ ገበሬ የት አለ? ይህ ትልም አላቸው ያሰኛል። ደግሞ መሐል ያለውን ቢወስዱ ሃያ አራት ይሞላላቸዋል፤ ልክ የጎደላቸውን። ይህ ደግሞ ሊያስፈራሯት ነው ያሰኛል። አሰበች ከትራክተሩ ጎማ ወደ ዲስኩ፣ ከዲስኩ ወደ ጎማው ተመላለሰች። መሬታቸው መልስ አልሰጣትም።

የሰጣት አፋቸው ነው።

አሰበች እዚህ ቆላ ስትወርድ የጋይንት ልጅ ነበረች፤ ሰሊጥ ለማጨድ ከአገሯ ሰዎች ጋር የመጣች የቀን ሠራተኛ። ያኔ አጨዳ ሲደርስ ሠራተኛው ጠዋት ጠዋት ገበያው አጠገብ ይቆማል፣ ገበሬው ይመጣል፣ የቀን ዋጋ ክርክር ይጀመራል። ሰሊጥ ሲደርስ ቶሎ ካልታጨደ ቋጠሮው አፉን ከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ሠራተኛው ይህን ያውቃል፤ ገበሬው ሠራተኛው እንደሚያውቅ ያውቃል። ስለዚህ ገበሬው ያለው አንድ መሣሪያ «ሌላ ሰው እየመጣልኝ ነው» ማለት ነው። ጋሽ ፈንቴ ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበሩ። አንድ ዓመት ዋጋቸውን ተናግረው ዝም አሉ። የአሰበች ቡድን እምቢ አለ፤ ሰውየው አይሱዙ መኪናቸውን ተደግፈው ጥርሳቸውን በእንጨት እየፋቁ ቆሙ። ረፋዱ ላይ አንድ መኪና ሙሉ ሠራተኛ ደረሰላቸው፤ የአሰበች ቡድን ሥራ አጥቶ ዋለ። በቀጣዩ ዓመት ግን ተናገሩ፦ «ልጆቼ፣ ነገ ሁለት መኪና ሰው ይገባልኛል፤ ለእናንተ ብዬ ነው፣ ዛሬ ያዙ።» ቡድኑ ያለፈው ዓመት ትዝ አለውና በርካሽ ገባ። አሰበች አጨዳው እስኪያልቅ መንገዱን ስታይ ሰነበተች። አንድም መኪና አልመጣም።

ሰው ሲኖረው ዝም የሚል፣ ሲያጣ የሚመክር። ጋሽ ፈንቴ ያቺ የጋይንት ልጅ አሰበች እንደነበረች አያውቁም፤ በየዓመቱ የሚቆመው ሰው ብዙ ነበር።

ግን አሰበች እዚህም ላይ ራሷን ጠየቀች፤ ይህን ነው የማደንቅላት። ሰውየው ካረጁ ወዲህ ሲመክሩ የሚውሉ አይደሉም እንዴ? ሙባረካን ስለ ስኳር፣ አንዱዓለምን ስለ ነዳጅ፣ ምናለን ስለ ትዳር ይመክራሉ። ሁልጊዜ የሚታይ ምልክት ምልክት አይደለም። ስለዚህ የዛሬውን ጨዋታ መለስ ብላ አሰበች። ጠዋት ሦስት ስድስት ይዘው ሲያሸንፉ ምን አሉ? ምንም። ከርከዴያቸውን ሲጠጡ ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ፍሬ አስይዘው ምናለን «ተው አንተ ልጅ፣ ይቅርብህ» ያሉት ነበር፤ ምናለ ጣለና ካርታቸውን ሳያሳዩ አንዱዓለም እጅ ውስጥ ቀላቀሉት።

ከሦስት ሁለቴ። ከዚያም በላይ ሳይሆን አይቀርም።

ጭቃው ጫማዋን ስላስቀረው አንድ እግሯ ባዶውን ተመለሰች።

«መጣች፣ መጣች» አለች ሙባረካ። «ብርጭቆዬን አንሡልኝ፣ እኔ ልቤ ሊቆም ነው።»

አሰበች አልተቀመጠችም፤ እንደገና ይናገሩ እንደሆነ ልታይ ፈለገች። «ጋሽ ፈንቴ፣ ቀዩ ማሳዎ ዝናቡ ካቆመ ነገ ይታረሳል?»

ጋሽ ፈንቴ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። ከርከዴያቸውን አንሥተው ጠጡ።

አሰበች ደንገጥ አለች። ዝም የሚለው ትልም ያለው ሰው ነው ብላ መመለሷ ነው እኮ! እጇ ፍሬዎቹ ላይ ቆመ። ግን ፍሬውን ሲገፉ የተናገሩትና ተጠይቀው ያልመለሱት አንድ አይደለም፤ የመጀመሪያው በገዛ ፈቃዳቸው የመጣ ነው። ሁለተኛውን ያመጣችው እሷ ናት። አሥራ ሁለት ፍሬ ቆጥራ መሐል ላይ ገፋች። ሁለት ፍሬ ብቻ ፊቷ ቀረ።

«ይክፈቱ።»

ጋሽ ፈንቴ ካርታቸውን አልከፈቱም። አንዱዓለም ራሱ ገለጠው። አምስትና ስድስት።

«ሰባት!» አለ ምናለ ጭንቅላቱን ይዞ። «ሰባት ነበር የሚጠብቁት! ሰባት ቢወጣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ! ባዶ እጃቸውን ነው እኮ!»

«ኸላስ» አለች ሙባረካ፤ አለቀ ማለቷ ነው። ብርጭቆዋን ይዛ ወደ እሳቷ ሄደች።

አሰበች ፍሬዎቹን ወደ ራሷ ስትሰበስብ ጋሽ ፈንቴ ቀና አሉ። የተበሳጩ አይመስሉም፤ ማወቅ የፈለጉ ይመስላሉ።

«እንዴት ነቃሽብኝ?»

«ሌላ ሰው እየመጣልኝ ነው ሲሉ ሰምቼዎት አውቃለሁ» አለች። ከዚያ ነገረቻቸው፤ ገበያው አጠገብ መቆሟን፣ ዝም ያሉበትን ዓመት፣ የመከሩበትን ዓመት፣ መኪና ሳታይ መሰንበቷን።

ጋሽ ፈንቴ እስከ መጨረሻው አዳመጧት። ከዚያ ሳቃቸው መጣ።

«ከዚያ ቡድን ውስጥ ነበርሽ? ምነው ሳትነግሪኝ! ሰዎቹ እኮ እውነት እየመጡልኝ ነበር። መኪናው ነጋዴ ባሕር ከተማ ላይ ተሰበረ። እስኪጠገን ሌላ ገበሬ ዋጋ ጨምሮ ሰዎቹን ወሰደብኝ።»

«አይዋሹ ጋሽ ፈንቴ!»

«ሹፌሩን ጠይቂ። ለነገሩ ሱዳን ገብቶ ቀርቷል።»

«ይኸዋ! ምስክሩ ሱዳን ነው!» አለ ምናለ።

እኔ ይህን ስሰማ ለረጅም ጊዜ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሰውየው እውነት ከተናገሩ አሰበች ያቆመችው ድልድይ አንዱ ምሰሶ የለውም ማለት ነው። አልፋበታለች፤ ድልድዩ ግን እንዳሰበችው አልነበረም። ሽንፈታቸውን ለማለዘብ የፈጠሩት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያም ልክ ነበረች። የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። አሰበችን ስጠይቃት «ምን አገባኝ፣ አምስትና ስድስት ነው የያዙት» ትላለች፤ ይህን ስትል ግን ትነሣና መራመድ ትጀምራለች።

የዚያን ዕለት ለዚህ ጊዜ አልነበራትም። ዝናቡ መሳሳት ጀምሯል። አንዱዓለም ራኩባው ጠርዝ ላይ ቆሞ ሰማዩን አየ።

«ነገ ትራክተር ይሠራል» አለ። «የት ልግባ?»

ሁሉም ወደ አሰበች ዞሩ። ሠላሳ ስምንት ሰዓት አላት፤ ማሳዎቿ ግን ነገ ትራክተር አይችሉም። የላይኛው ፀሐይ ሊያገኝ ይገባል፤ የታችኛው ኩሬ ሆኗል። ነገ የሚታረሰው የጋሽ ፈንቴ ቀይ ማሳ ብቻ ነው፤ እሳቸው ደግሞ አንድ ሰዓት የላቸውም። ጋሽ ፈንቴ ወደ ምናለ አዩ።

«የእኔን አይዩ» አለ ምናለ። «ማሳዬን ሁለቴ ልገለብጥበት ነው።»

አሰበች በአእምሮዋ ቀነሰች። ለሁለቱ ማሳዎች ሠላሳ። ስምንት ትርፍ አላት። ግን የታችኛው ማሳ ውሃው ካልወረደ ያ አሥራ ስድስት ሰዓትም ከንቱ ነው፤ ያለፉትን ሁለት ክረምቶች ያጣችው ትራክተር ስለሌላት ብቻ አልነበረም።

«ስምንት ሰዓት እሰጥዎታለሁ» አለች። «ነገ ጠዋት ይግቡበት። አንቱ ደግሞ ሠራተኞችዎን ይስጡኝ፤ ከታችኛው ማሳ እስከ ወራጁ ድረስ የውሃ መውረጃ ይቆፈርልኝ።»

«ስንት ሰው?»

«ያሉት ሁሉ።»

«አሥር ሰዓት አድርጊው።»

«ስምንት።»

«ዘጠኝ አድርጊውና ዛሬውኑ ይጀምሩልሽ።»

አሰበች መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ ሰማዩ አየች። ዘጠኝ ከሰጠች ሃያ ዘጠኝ ይቀራታል፤ ከሠላሳው አንድ ይጎድላል። የላይኛው ማሳ ጥግ ላይ ድንጋያማ ቁራጭ አለ፤ እሱን በዶማ ትደርስበታለች።

«ዘጠኝ» አለች። «ግን ዛሬ። አሁን።»

ጋሽ ፈንቴ ስልካቸውን አውጥተው ለሠራተኞቻቸው አለቃ ደወሉ፤ እየጮኹ ሰዎቹን አካፋና ዶማ አስይዞ ወደ አሰበች ማሳ እንዲያወርድ ነገሩት። ደውለው ሳይጨርሱ አሰበች የሙባረካን አካፋ ከራኩባው ምሰሶ ሥር አንሥታ ወጥታለች። ጫማዋን ጭቃው ውስጥ ለመፈለግ አልቆመችም፤ የቀረውንም አውልቃ ጣለችው።

«በቀኝ በኩል አስቀድጂው!» ጮኹ ጋሽ ፈንቴ ከኋላዋ። «በግራ ከሆነ ውሃው ወደ ምናለ ማሳ ነው የሚሄደው!»

«እንዴ! ወደ እኔ ማንም ውሃ አይልክም!» አለ ምናለ ብርጭቆውን አስቀምጦ።

«መጥታችሁ አሳዩኛ ታዲያ!» አለች አሰበች ወደ ኋላ ሳትዞር።

ሁለቱም ተነሡ። አንዱዓለም ካርታውን ሰብስቦ ኪሱ ከተተና የትራክተሩን ዲስክ ሊፈትሽ ሄደ። ስልኳ እንደገና ሲጠራ አሰበች የታችኛው ማሳ ዳር ደርሳ ነበር። በአንድ እጇ አካፋ፣ በሌላው ስልክ ይዛ ውሃው ወዴት እንደሚያዘነብል እያየች ተራመደች።

«ገባ?» አለ እንግዳው።

«ውሃው ይውጣ መጀመሪያ» አለችው፤ አካፋዋንም ጭቃው ውስጥ ተከለች።